ጋሽ ፖስታና የፊት ፍሬን

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል። እኔን ግን በዚያ ከሰዓት በኋላ ወደ መልካም ወግ የመራኝ ሰው ሳይሆን የብስክሌቴ ሰንሰለት ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ዳገቱን ስያያዘው ተበጠሰ። ዕድሜዬ ለመነጫነጭ እንጂ ብስክሌት ተሸክሞ ዳገት ለመውጣት የሚበቃ አይደለም። ስለዚህ ወደ ኋላ ዞሬ ቁልቁል እየገፋሁ መታጠፊያው ጥግ ካለው የሞተር ሳይክል ጋራዥ ገባሁ።

ጋራዡ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰፋፊ ቤቶች የሌላቸው ሥርዓት አለው። መፍቻዎቹ እንደየቁመታቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ወለሉ ላይ ዘይት ጠብ ካለ ወዲያው የመጋዝ ብናኝ ይነሰነስበትና ይጠረጋል። ባለቤቷ ከቴክኒክ ኮሌጅ የወጣች ወጣት መካኒክ ናት፤ ቀድሞ የእኔ ተማሪ ነበረች። ያስተማርኳት ቋንቋ ስለሆነ በሞተር ዕውቀቷ ለመኩራት መብት የለኝም፤ ሆኖም እኮራለሁ።

"መምህር፣ ይቀመጡ። ሰንሰለቱን አሁን እቀጥልልዎታለሁ" ብላ በርጩማ አቀረበችልኝ።

ገና ከመቀመጤ አንድ ቀይ የስፖርት ሞተር እያጓራ ደጃፉ ላይ ቆመ። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ በደረቱ ተኝቶ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ ጎረምሳ ይመስለኛል። ሄልሜቱ ሲወልቅ ግን ከውስጡ ሽበት ወጣ። የሰፈሩ ሰው ጋሽ ፖስታ የሚላቸው ጡረተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በፖስታ ቤት ሞተር ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ እኩዮቻቸው ምርኩዝ ሲያማርጡ እሳቸው ይህን ያገለገለ የስፖርት ሞተር ገዙ። ለመካኒኳ የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው።

"ደህና ዋልሽ ልጄ? መምህር፣ እርስዎም እዚህ ነዎት? ጥሩ ነው፤ ምስክር አላጣሁም" አሉ።

"ምነው ጋሼ፣ ክስ አለብዎት እንዴ?" አለቻቸው መካኒኳ።

"አለብኝ እንጂ። ከሳሼ ደግሞ ሚስቴ፣ እትዬሽ ናት። ከኋላዬ አልቀመጥም ካለች ሰነባብታለች።"

እኔ ነገሩን ስለማላውቅ ከመጀመሪያው አጫወቱኝ። ጋሽ ፖስታ ሞተሩን የገዙት ለሁለት ሰው ነው። ልጆቻቸው ወጥተው ቤቱ ጭር ካለ ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤታቸውን ከኋላ አስቀምጠው ከከተማው ዳር ወደምትኖረው የባለቤታቸው እህት ቤት መሄድ ልማዳቸው ሆነ። ባልና ሚስቱ ከልባቸው የሚስቁት በዚያ መንገድ ላይ ነበር። ታዲያ አንድ ቅዳሜ በአትክልት ገበያው ቁልቁለት ሲወርዱ ከፊታቸው የጭነት መኪና ድንገት ቆመ። ጋሽ ፖስታ የኋላ ፍሬን ረገጡ። ጎማው ታሰረና ተንሸራተተ፤ ሞተሩም በጎኑ ሄዶ የሽንኩርት ጆንያ ክምር ውስጥ ገባ። ማንም አልተጎዳም፤ ሽንኩርቱም ቢሆን። ባለቤታቸው ግን ከጆንያው ላይ ተነሥተው፣ ቀሚሳቸውን አራግፈው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ሄዱ።

"ከዚያ ወዲህ እሷ በአውቶቡስ ትሄዳለች፤ እኔ ከአውቶቡሱ ኋላ እከተላለሁ" አሉ ጋሽ ፖስታ። "የኋለኛው መስኮት አጠገብ ትቀመጥና አንዳንዴ እጇን ታውለበልብልኛለች። መምህር፣ የገዛ ሚስቴን በመስኮት እያየሁ መንዳት መሮኛል።"

ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን አይቼ አፈርኩ። ሰውዬው የሚያወሩት ስለ ሞተር አልነበረም።

"ፍሬኑ ካልተሠራ አልወጣም ብላለች። ስለዚህ ልጄ፣ ከአንቺ የምፈልገው ቀላል ነገር ነው። ሞተሩን እስኪመሽ እዚህ አቆይውና ለእትዬሽ 'ተሠርቷል' በያት። አንቺን ታምናለች።"

"ሳልሠራው?"

"ምኑ ይሠራል? ስረግጠው ይይዛል።"

መካኒኳ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ወደ ሞተሩ ሄደችና በቀኝ እጅ የሚጨበጠውን የፊት ፍሬን ሳብ አደረገችው። ያለ ምንም ትግል ከመሪው እጀታ ጋር ገጠመ።

"ይሄኛውስ ጋሼ?"

"እሱን ተይው። እሱን አልነካውም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሞተር ላይ ከወጣሁ ጀምሮ" አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረበት። "ፖስታ ቤት የተቀጠርን ዕለት አለቃችን አሰልፎን፣ 'የፊት ፍሬን የጨበጠ ጥርሱን ከመንገድ ይለቅማል' አለን። ማንም እንዳይፈተን ብሎም የፊት ፍሬኑን ሽቦ በገዛ እጁ አላላው። አዲስ ሞተር በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምናደርገው ያንን ማላላት ነበር። በዚያ ሕግ ዕድሜ ልኬን ነዳሁ፤ ጥርሴ ይኸው።"

አፋቸውን ከፍተው አሳዩን። እውነት ነው፣ አንድም አልጎደለም። ጥርስ ለክርክር ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

መካኒኳ እንደ አንዳንድ የኮሌጅ ምሩቅ አልሳቀችባቸውም። ሁለት በርጩማ ስባ እሳቸውን አስቀምጣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። "ጋሼ፣ አለቃችሁ አልተሳሳቱም። ያን ጊዜ ደብዳቤ የምታድሉበት መንገድ ምን ነበር?"

"ጠጠርና አቧራ ነዋ። ሲዘንብ ደግሞ ጭቃ።"

"ጠጠር ላይ የፊት ጎማ ከታሰረ ያለ ጥርጥር ይጥላል። የዚያን ጊዜው ፍሬንም ውሃ ሲገባው አንዴ ይለግማል፣ አንዴ ይነክሳል። እኔም በዚያ ሞተር በዚያ መንገድ ብነዳ የፊቱን እፈራው ነበር። አሁን ግን መንገዱ አስፋልት፣ ፍሬኑም የዲስክ ሆኗል። አለቃችሁ ጡረታ ወጡ፤ እርስዎም ወጡ፤ ጠጠሩም ወጣ። ጡረታ እንቢ ያለው ሕጉ ብቻ ነው።"

አባባሏ ደስ አለኝ። የብዙ ልማዳችን ታሪክ ይኸው ነው። አንድ ጊዜ አንድ አስተዋይ ሰው ለአንድ ችግር ያወጣውን ደንብ፣ ችግሩ ካለፈ በኋላም እንደ ወረስነው ካፖርት በሙቀት ቀን ለብሰነው እንዞራለን። ሞኞች ሆነን አይደለም፤ ያወረሰንን ሰው ስለምናከብር ነው። ስለዚህ ልማድ የሚያቀና ሰው መጀመሪያ አውራሹን ማክበር አለበት፤ ይህች ልጅ ያደረገችውም ይህንኑ ነው።

"አውቶቡሱን ሲከተሉ አይተው ይሆናል" ስትል ቀጠለች። "ፍሬን ሲይዝ ቆመው የሚሄዱት ሰዎች ወዴት ያዘነብላሉ?"

"ወደ ፊት።"

"ሞተርም እንደዚያው ነው። ሊቆም ሲል ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊት ጎማው መንገዱን ይጫናል፣ የኋላው ይቀላል። የቀለለ ጎማ ቢረግጡት ይንሸራተታል እንጂ አያቆምም። እርስዎ ሊያቆምዎት የሚችለውን ትተው የሚንሸራተተውን ነው የሚረግጡት።"

ጋሽ ፖስታ አገጫቸውን አሻሹ። "ክብደቱ ወደ ፊት ከሄደ እኔም ወደ ፊት እሄዳለሁ ማለት ነው። አለቃዬስ ከዚህ ሌላ ምን አለ?"

ይህ የዋዛ ጥያቄ አልነበረም። በልቤ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋቸው።

"በአንዴ ጭምድድ ካደረጉት፣ አዎ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? መጀመሪያ ነካ ያደርጉታል። ጎማው መንገዱን እስኪጫን ትንሽ ይታገሡታል። ከዚያ እየጨመሩ ይጨምቁታል። ሎሚ ሲጨመቅ በአንዴ ይደፈጠጣል?"

"ሎሚ የምትጨምቀው ሚስቴ ናት።"

"እንግዲያው ዛሬ ማታ አጠገቧ ቆመው ይመልከቱ።"

ጋሽ ፖስታ ፈገግ አሉ፤ ግን እጅ አልሰጡም። "እሺ፣ ይሁንልሽ። ሌላም ነገር አለኝ። ጥሩ ፍሬን ያለው ሰው ይከንፋል። እነዚያን ጎረምሶች አላየሻቸውም? ወርቅ የተቀባ የሚመስል ትልቅ ፍሬን ያስገጥሙና እንደ ጥይት ይተኮሳሉ። እኔ ፍሬኔ ደካማ እንደሆነ ስለማውቅ ከሩቅ አስባለሁ፤ ጋዙንም ቀድሜ እቀንሳለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። አንቺ ፍሬኔን ብታጠነክሪው አሳቤን ታሰንፊብኛለሽ።"

"ከሩቅ ማሰቡን አይተዉ። እሱን የሚተካ ዕቃ የለኝም" አለች መካኒኳ። "መድኃኒት ቤት ቅርብ ነው ብሎ መርዝ የሚቀምስ ቢኖር ጥፋቱ የመድኃኒት ቤቱ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያ የጭነት መኪና ከሩቅ ነግሮዎት ነበር?"

ጋሽ ፖስታ ዓይናቸውን ወደ ሞተሩ አዞሩ።

"የጎረምሶቹን ወርቃማ ነገርም አልገጥምልዎትም። ካሊፐሩ፣ ማለትም ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘው፣ ደህና ነው። ዲስኩም፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት፣ ገና ውፍረት አለው። ለእርስዎ የሚያስፈልግዎ ዓይን የማይስበው ነው። ይነሡማ።"

ተነሡ። ከእጅ መያዣው ወደ ፊት ጎማው የሚወርደውን ጥቁር የላስቲክ ቱቦ በጣቶቻቸው እንዲይዙት አደረገችና ፍሬኑን ጨበጠች።

"ምን ተሰማዎት?"

"አበጠ" አሉ ጋሽ ፖስታ። ጎንበስ ብለው ቱቦውን እንደገና ያዙት። "እንደገና ጨብጪው እስቲ። አዎ፣ ያብጣል።"

"ቱቦው አርጅቷል። እርስዎ ቢጨብጡም ኃይሉ ጎማው ጋ አይደርስም፤ ቱቦ ሲነፋ ያልቃል። ዘይቱንም ይዩት።" ከመሪው አጠገብ ያለችውን የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ከፈተች። አዲስ ዘይት ወርቃማና ጥርት ያለ ነው፤ ይህኛው ምድጃ ላይ እንደተረሳ ሻይ ጠቁሯል። "የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት የጠጣ ዘይት በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላል፤ አረፋ ይሆናል። አረፋ ሲጨብጡት ይሟሽሻል እንጂ አይገፋም። ስለዚህ የማያብጥ፣ በብረት ሽቦ የተሸረበ ቱቦ አስገባለሁ። ዘይቱን እለውጣለሁ። ዲስኩን የሚጫነው ሸራም አልቋልና በተሻለ ሸራ እተካዋለሁ። ሲጨብጡት ዘይቱን የሚገፋውን የእጁን ፓምፕ ደግሞ ጠንከር ባለ፣ ማንሻው ከጣትዎ ርዝመት ጋር በሚስተካከል እቀይረዋለሁ። ያኔ በሁለት ጣት ያቆሙታል።"

"አስቤበት እነግርሻለሁ" አሉ።

ይህን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። እምቢታ የክት ልብሱን ሲለብስ እንዲህ ይላል። ጋሽ ፖስታ በአእምሮ ተረትተው ነበር፤ ነገር ግን በአእምሮ የተረታ ሰው ቤቱ ገብቶ እንደ ትናንቱ ነው የሚያድረው። ሄልሜታቸውን ሊያነሡ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ማዶ አውቶቡስ ቆሞ አንዲት ሴት ዘምቢላቸውን አንጠልጥለው ወረዱና መንገዱን ተሻግረው ወደ እኛ መጡ። ባለቤታቸው ነበሩ።

"ቀዩን ነገር በመስኮት አይቼ ወረድኩ" አሉና እኛን ሰላም ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ። "ምን እያልካት ነው? 'ተሠርቷል በይልኝ' ብለሃት እንዳይሆን።"

ጋሽ ፖስታ ጣራውን ማየት ጀመሩ።

"ስለ ጥርስህም ነግረሃቸዋል መቼም።"

"አሳይተውናል" አልኩ።

"እሱ ጥርሱን ለሁሉ ያሳያል፤ ስለ እኔ ግን የጠየቀኝ የለም።" ዘምቢላቸውን አስቀምጠው ከሞተሩ ኋላ ያለችውን ትንሽ መቀመጫ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። "አንተ ሰው፣ ሞተሩ ሲንሸራተት የሚወዛወዘው የትኛው ጫፍ ነው?"

"የኋላው።"

"እዚያ ላይ ማን ነው የተቀመጠው?"

ጋሽ ፖስታ በአገጫቸው ወደ ባለቤታቸው ጠቆሙ።

"አንተ መሪ ይዘሃል። እኔ የያዝኩት አንተን ነው። የኋላውን በረገጥክ ቁጥር መሬቱ ከሥር የሚከዳው እኔን ነው፤ አንተ ጋ ሲደርስ በርዶ ነው የሚደርሰው። ስንት ቁልቁለት ላይ 'ተንሸራተተ' ስልህ 'ትለምጂዋለሽ' ትለኛለህ። እኔ የወረድኩት በሽንኩርቱ ደንግጬ አይደለም። ከኋላህ ተቀምጬ የምናገረው አንተ ጋ እንደማይደርስ ስላወቅሁ ነው። እዚያ አውቶቡስ ላይ ደስ ብሎኝ የምቀመጥ ይመስልሃል?"

ይህን የተናገሩት ሳይቆጡ ነው። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር።

"እኔ እኮ ወደ ፊት እንዳትወረወሪብኝ ብዬ ነው" አሉ ጋሽ ፖስታ።

"አውቃለሁ" አሉ ባለቤታቸው። "አውቃለሁ እኮ።"

ጋሽ ፖስታ መቀመጫዋን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። ከዚያ የሞተሩን ቁልፍ አውጥተው በወንድማቸው ልጅ መዳፍ ላይ አኖሩት። "ቱቦውንም፣ ዘይቱንም፣ ሸራውንም፣ ፓምፑንም ለውጪው። ከዚያ ጣቴን አስተምሪልኝ።"

እኔ በማስተማር ሽበት ያወጣሁ ሰው ነኝ፤ ምክንያት ደርድሬ የረታኋቸው ብዙ ናቸው፣ የለወጥኳቸው ግን ጥቂት ናቸው። ሰው የያዘው ልማድ እሱን እንደሚጎዳው ብትነግረው 'የራሴ ጉዳይ' ይልሃል። ሊጠብቀው የሚፈልገውን ሰው እንደሚጎዳበት በዓይኑ ሲያይ ግን ሁለተኛ ተከራካሪ አያስፈልገውም። ለዚህ ነው በቤታችን ልማድ ከማጽደቃችን በፊት ከኋላ የተቀመጠውን ሰው መጠየቅ የሚገባን።

ብስክሌቴ በዚያው ዕለት ተሠርቶልኛል። ይሁን እንጂ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ያልላላውን የብስክሌቴን ደወል ላላብኝ ብዬ ወደ ጋራዡ ተመለስኩ። ሦስቱንም ከጋራዡ አጠገብ ካለ የእንጨት መጋዘን ጀርባ፣ ሰፊ ግቢ ውስጥ አገኘኋቸው። መካኒኳ አስፋልቱ ላይ በጠመኔ መስመር አስምራለች። ጋሽ ፖስታ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ቆይተዋል፤ አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ደጋግሞ ቀስ እያሉ መያዝ እንደሚያስፈልግ ነግራቸው ነበር።

"አሁን ፈጠን ብለው ይምጡና መስመሩ ጋ ሲደርሱ ያቁሙት። የኋላው ረዳት ነው፤ ዋናው የፊቱ ነው" አለቻቸው።

መጡ። መስመሩ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ረሳ፤ እግራቸው ግን አልረሳም። የኋላ ጎማው እያፏጨ መስመሩን አልፎ ሄደ፤ አስፋልቱ ላይም ጥቁር ጠባሳ ተወ።

"የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ" አሉ ባለቤታቸው፣ ከእንጨት ክምሩ ላይ ተቀምጠው።

ጋሽ ፖስታ አልመለሱላቸውም። ዞረው ሄዱ። በሁለተኛው ሁለት ጣቶቻቸው ማንሻው ላይ መሆናቸውን ከሩቅ አየሁ። ወደ መስመሩ ሲቃረቡ የሞተሩ አፍንጫ በቀስታ ጎንበስ አለ፤ ሞተሩም ቀጥ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ መስመሩ አፋፍ ላይ ቆመ። ጋሽ ፖስታ አንገታቸውን አስግገው ወደ ጠመኔው ተመለከቱ። ከዚያ የልጁን ፈተና እንደሚያርም አባት ደግመው አዩት።

"አንዴ ልድገመው" አሉ። ደገሙት። ሠለሱት። ሄልሜታቸውን ሲያወልቁ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ነፋሱ ነው ሊሉኝ ፈልገው ነበር፣ ግን ተዉት።

"መምህር፣ ዕድሜ ልኬን መቆም ማለት ትግል ይመስለኝ ነበር" አሉ። "ለካ ጉዳዩ ጭምቅ ማድረግ ነው። ሞተሩ ከመንገዱ አይወጣም፤ በጎኑ አይሄድብኝም። እጄ አይደክምም። ረጅሙን ቁልቁለት ጨርሼ ስደርስም ፍሬኑ እንደ ጧቱ ይሆናል። የኋላ ጎማዬም ያለ ጥፋቱ እየተፋቀ አያልቅም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የጭነት መኪና ድንገት ቢቆም የማደርገው አለኝ። የፖስታ ቤት ጓደኞቼንም እሰበስባቸዋለሁ፤ ሁሉም ያንኑ ሽቦ አላልተው ነው የሚነዱት። ሳይቃጠል በቅጠል።"

"ለነሱ ሲነግሩ ሁሉንም ይንገሩ" አለች መካኒኳ። "ዘይቱ ጊዜው ሲደርስ ይለወጣል። ከቤት ከመውጣታቸው በፊት ማንሻውን ጨብጠው ይሞክሩ። ሲዘንብ ከወትሮው ቀስ ብለው ይንኩት። ጠጠር መንገድ ከገቡ ደግሞ የአለቃችሁ ሕግ እንደተከበረ ነው።"

"እሱማ ይኮራል" አሉ ጋሽ ፖስታ፤ ደስ አላቸው። አለቃቸው ሙሉ በሙሉ አለመሻራቸውን እንደ ትንሽ ስጦታ ነበር የተቀበሉት።

ባለቤታቸው ከእንጨት ክምሩ ላይ ወረዱ። ሄልሜታቸውን ራሳቸው አጠለቁ። ማንም ይውጡ አላላቸውም፤ እግራቸውን አሻግረው ከኋላ ተቀመጡና የባላቸውን ወገብ ያዙ። ሞተሩ ገና ሳይነሣ እህታቸው በቀደም ከጎረቤቷ ጋር በአንድ አውራ ዶሮ ምክንያት እንዴት እንደተኳረፈች መተረክ ጀምረው ነበር።

እኔና መካኒኳ ከኋላ እየተከተልን ወደ ግቢው በር ሸኘናቸው። በሩ አጠገብ ሲደርሱ፣ ከግድግዳው ወዲያ ፍራሽ ከፍ አድርጎ የጫነ ሰው የእጅ ጋሪውን እየገፋ ድንገት ፊታቸው ወጣ። መካኒኳ ክንዴን ያዘች። የጋሽ ፖስታ ሁለት ጣቶች ተንቀሳቀሱ፤ ሞተሩ ጎንበስ ብሎ ቆመ። ባለጋሪው እንኳ ቀና ብሎ ሳያያቸው አለፈ። ባለቤታቸው የአውራ ዶሮውን ነገር እያወሩ ነበር፤ አላቋረጡም።

"እትዬ" አለች መካኒኳ ከኋላ፣ "ፍሬኑ እንዴት ነው?"

"የቱ ፍሬን?" አሉ ባለቤታቸው፤ ወዲያውም ወደ ባላቸው ጆሮ ጠጋ ብለው ታሪኩን ቀጠሉ። ጋሽ ፖስታ እየሳቁ ወደ መንገዱ ወጡ።